ሾርባ በጤና

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ብለዋል። እኔም አምኜ ተቀብያለሁ። «ሾርባ በጤና» ያለ አባት ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ያላሉበትን ምክንያት ያወቅኩትም በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በእኛ ሰፈር ሾርባ የሚጠጣ ሰው ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ በረመዳን የሚያፈጥር ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፣ ወይ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ፈረንጅ ነው፣ ወይ በሽተኛ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ፈረንጅ አለመሆኔን መልኬ ይመሰክራል። የቀረውን እንግዲህ እናንተው ድረሱበት።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሁላችንም ጓድ በነበርንበት ዘመን። ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምኖረው ከፒያሳ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ በር በሚጋራበት ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ነው። ቀጭን ነበርኩ። ቀጭን ስላችሁ እናንተ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሌላው ሰው ባርኔጣውን ይይዛል፣ እኔ ግን የመብራት እንጨት ነበር የምይዘው። ምግብ ቸግሮኝ አይደለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ልጅ፣ እህሉን የት ነው የምታደርሰው?» እንዳለች ነው ያለፈችው።

ቅጥነቴ ጽጌን እስክወድ ድረስ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም ነበር። ጽጌ ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። እሷን ለማየት ስል የበላሁትን ኬክ ሌላ ሰው በልቶት ቢሆን ኖሮ በበሩ አይወጣም ነበር፤ ለእኔ ግን ጠብ አላለልኝም። ኬኩ አልተዋሐደኝም እንጂ ጽጌ ወደደችኝ። ይህን ስጽፈው ዛሬም ደስ ስለሚለኝ ልድገመው፦ ወደደችኝ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ገብረሕይወት ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአክሱም መጥተው፣ ፒያሳ ሱቅ ከፍተው፣ እዚያው ያረጁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅን ከመዳብ ሲለዩ ስለኖሩ ሰውንም የሚያዩት እንደዚያው ነው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው። ወንድ ልጅ የላቸውም። ያለቻቸው ጽጌ ብቻ ናት። አንድ ቀን በሱቃቸው በር ሳልፍ አይተውኝ ኖሮ ልጃቸውን «ያ ልጅ አንድ ነገር አለበት» ይሏታል። «ምንም የለበትም አባዬ፣ ቀጭን ነው እንጂ» ብትላቸው «አንዲት ልጄን ለመበለትነት አላሳደግኩም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ጽጌ ይህን የነገረችኝ ለሌላ ሰው መልስ እየቆጠረች ነው።

«እሑድ ሽማግሌ ትልካለህ አይደል?»

«እልካለሁ። ጋሽ ታደሰ ናቸው የሚሄዱልኝ።»

«እንግዲያው እስከዚያ ጉንጭ አብቅል» አለችኝ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ሐሙስ ተዘርቶ እሑድ የሚታጨድ ጉንጭ በምን እንደሚበቅል ያልጠየቅኩት ሰው የለም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጓድ መኮንን የሚባል የዕቃ ግዢ ሠራተኛ ነበር። መንግሥት ለትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ልኮት ነበርና ስለ ሶሻሊዝም ብዙ አውቆ ይመለሳል ሲባል ስለ አትክልት ሾርባ ብዙ አውቆ ተመለሰ። ራስ ምታት ሲይዘን ወደ እሱ ነው፣ ወገባችንን ሲያመን ወደ እሱ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ስማ ጓድ» አለኝ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ። «ካሮት ዓይን ያበራል። ቆስጣ ደም ይሆናል። ነጭ ሽንኩርት ጉንፋንን በሩቁ ያባርራል። ባሮ ሽንኩርት ሆድ ያለሰልሳል፣ ድንች ጉልበት ይሆናል። የእኛ ሰው አትክልቱን በዘይት ገድሎ፣ በበርበሬ ገንዞ ነው የሚበላው። በሾርባ ጊዜ ግን ጥቅሙ የትም አይሄድ፤ ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ውኃውን ትጠጣዋለህ። እዚያ አገር ሽማግሌው ሁሉ ጠዋት ሾርባውን ጠጥቶ ተራራ ይወጣል።»

«ጉንጭስ ያበቅላል?»

«ጉንጭ? ግንባርህ ሳይቀር ይወፍራል!»

አሠራሩንም በቃሉ አስጠናኝ። ድንችና ካሮት ጠንካሮች ስለሆኑ ቀድመው ይገባሉ። ቀጥሎ ዝኩኒና ባሮ ሽንኩርት። ቆስጣና የሾርባ ቅጠል መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል። «ቆስጣውን ካስቀደምክ ግን» አለኝ ጣቱን ቀስሮ፣ «ጥቅሙ በእንፋሎት ይወጣና አንተ ቀርተህ ጎረቤትህ ነው የሚወፍረው።» ሰውየው ሳያውቀው ትንቢት ተናግሯል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ አትክልት ተራ ወረድኩ። ስንት ካሮት ለስንት ሰው እንደሚበቃ የማላውቅ ወንደላጤ ነኝ፤ ሻጩ ያነሣውን ሁሉ «ጨምርበት» እያልኩ ዘምቢሉን ሞላሁት። ባሮ ሽንኩርቱ ረዝሞ ከትከሻዬ በላይ ይወዛወዛል። ወንድ ልጅ ዘምቢል አንጠልጥሎ ፒያሳን ሲያቋርጥ የሚያውቁት ሁሉ ያን ሰዓት ከቤታቸው ይወጣሉ። ኬክ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመ አንድ አራዳ «ወንድሜ፣ እርሻው እንዴት ከረመ?» አለኝ። እኔ ግን ጉንጬን እያሰብኩ አለፍኩ።

ግቢያችን በር አጠገብ የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ሬዲዮ የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም።

«ምን ይዘህ ነው ልጄ?»

«አትክልት ነው እትዬ። ሾርባ ልሠራ ነው።»

እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። «ውይ በሞትኩት! ምንህን ነው?»

«ኧረ ምንም አላመመኝም። እንዲያው ለጤናዬ ብዬ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ለጤናህ ነው እንጂ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለቀስተኛን የሚያጽናና ድምፅ ነበር። «ድሮም እኮ ያ ሰውነትህ ዝም ብሎ አልነበረም።»

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ነገሩ ይበርድ ነበር። እኔ ግን ዘምቢሉን ክፍሌ ውስጥ ስዘረግፈው ካሮቱ ብቻ ድስቴን ሞላው። ትልቅ ድስት ያስፈልጋል። በግቢው ውስጥ ያለው ትልቅ ድስት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእድሩ ድስት ነው፣ የሚቀመጠውም እትዬ በላይነሽ ቤት። ሄጄ ለመንኳቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሰጡኝ።

አንባቢ ሆይ፣ የእድር ድስት መቼ መቼ እንደሚወጣ ታውቃለህ። እኔም አውቅ ነበር። ግን ሰው ጉንጭ ሲያምረው አእምሮው ቀድሞ ይቀጥናል መሰለኝ፣ ያን የለቅሶ ድስት በሁለት እጄ ታቅፌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥኩት። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቴ የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ። የቧንቧ ወረፋ የያዙት ሁሉ ከተቀመጡበት ተነሡልኝ።

የላምባ ምድጃዬን ለኩሼ፣ ካሮቱን ልጬ፣ ድንቹን ከትፌ፣ ጓድ መኮንን እንዳለው ጠንካሮቹን አስቀደምኩ። ሽታው መምጣት ሲጀምር፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ዝኩኒውንና ባሮ ሽንኩርቱን አስከትዬ፣ አንዲት ጭልፋ ቀድቼ ልቀምስ ስል በሩ ተንኳኳ።

እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ከኋላቸው አንሶላ የጣለችው ጎረቤቴ ብርቱካን ይዛለች። ከእሷ ኋላ የቧንቧው ወረፋ በሙሉ አለ። ውኃ የቀዳ ባልዲውን፣ ያልቀዳ ባዶ እጁን ይዞ ገባ። አንድ ወንበር ነበረኝ። አልጋው ተሞላ፣ ሳጥኑ ተሞላ፣ የቀረው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

የእኛ ሰው በሽተኛ መጠየቅ ያውቅበታል። «እንዴት ነህ?» ይልሃል፤ «ደኅና ነኝ» ስትለው ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያ ልክ እንደ አንተ ያደረገው የሆነ የአጎቱ ልጅ ይነሣል። ያ ሰው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ሾርባ ብቻ አዘዙለት፣ ቀጥሎ… እዚህ ላይ ተናጋሪው ዝም ይልና ያይሃል።

«ምንም አላመመኝም!» አልኩ።

«አይዞህ» አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«በእግዚአብሔር ስም፣ ጤነኛ ነኝ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ» አሉ እትዬ በላይነሽ የድስቱን ክዳን እየከፈቱ። ቀመሱና ፊታቸውን ቋጠሩ። «ይሄ እኮ የታጠበ ካሮት ውኃ ነው። በዚህ ነው የሚድነው?» ብለው ከጓሯቸው ጤና አዳም አስመጥተው ጨመሩበት። አንዲቱ ጎረቤት «አፉን ይክፈትለት» ብላ በርበሬ ነሰነሰች። ሌላዋ «አንጀቱን ያርስለት» ብላ የተነጠረ ቅቤ ጣል አደረገች። ቆስጣውን ማን እንደ ጨመረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያለ ሰዓቱ መግባቱን ብቻ አይቻለሁ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሲሞላው ጎረቤቶቼን ተራ በተራ አየኋቸው። በእርግጥም ፊታቸው ወዛ ወዛ ማለት ጀምሮ ነበር።

ጋሽ ታደሰ የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ጋሽ ታደሰ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ነገ አቶ ገብረሕይወት ደጅ ቆመው ጽጌን የሚጠይቁልኝም እሳቸው ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ከእግሬ እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ነገ የሰው ደጅ ቆሜ “ልጃችን ጤነኛ ነው” ብዬ ልናገር ነው? ሽማግሌ ነኝ እኮ፣ አልዋሽም።»

«አይዋሹም ጋሽዬ! ምንም አልሆንኩም! ይዩኝ እስቲ!» ብዬ፣ ጤንነቴን ላሳያቸው፣ ሕዝቡ መሐል እንደ ስፖርተኛ ቁጢጥ ብዬ ብድግ አልኩ። ዕቃ የምደረድርበትን መደርደሪያ ረስቼው ነበር። አናቴ ከሥሩ ሲላተም ክፍሉ ዞረብኝና እትዬ በላይነሽ እቅፍ ውስጥ ወደቅኩ።

«ይኸው፣ ጣለው!» ብለው ጮኹ።

ጩኸቱ ነው መሰለኝ የቀበሌውን የአብዮት ጥበቃ የጠራው። ከውጭ የጠብመንጃ ሰደፍ በሩን ሲነካው ሁላችንም አወቅነው። በዚያን ዘመን ሰው ያለ ቀበሌው ፈቃድ ሰብሰብ ካለ ያስጠይቃል፤ መልሱን የምትሰጠው ደግሞ እቤትህ ቁጭ ብለህ አይደለም። አሁን ስለ ካሮት ሳወራ የምቀልድ መስዬ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ፈራሁ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ልጇን ወስደውባት ወሬው እንኳ አልደረሳትም ነበር። ፊቷን አየሁት፤ ነጭ ሆኗል።

በቀለ ገባ። እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ጠብመንጃ ከያዘ ወዲህ ግን ሰላምታ ቀንሷል።

«ይሄ ምን ስብሰባ ነው? በማን ፈቃድ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስብሰባ ሳይሆን የበሽተኛ ጥየቃ ነው እንዳይባል፣ በሽተኛው ከእትዬ በላይነሽ እቅፍ ተነሥቶ፣ ጭልፋውን እንደያዘ መሐል ቆሟል። ከመጀመሪያው ጀምሮ «አላመመኝም» እያልኩ የጮኽኩት እኔው ነኝ። አሁንም ያንኑ ብደግም ለነገው ሽማግሌ ይበጀኛል፤ «ታምሜያለሁ» ካልኩ ደግሞ ወሬው ከኔ ቀድሞ አቶ ገብረሕይወት ሱቅ ይደርስና ጽጌን አጣለሁ። ሁለቱንም አሰብኩ። ያቺን ጎረቤቴን እንደገና አየኋት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጭልፋውን ጥዬ አልጋው ላይ ተዘረርኩና ጋቢዬን እስከ አገጬ ሳብኩት።

«ወይኔ… ወይኔ ሆዴን…»

እትዬ በላይነሽ እንኳን ለአንድ አፍታ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ግን አራዳ አይደሉ፣ «አይዞህ የኔ ልጅ! ዛሬን እደርልን!» ብለው ግንባሬን በጠበል ያጠቡት ጀመር። ጋሽ ታደሰ መዋሸት ስለማይችሉ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

በቀለ ጠጋ አለ። ሾርባውን አየ፣ ድስቱን አየ። የእድሩ ድስት መሆኑን ያውቃል፤ አያቱ ሲሞቱ በእሱ ነው የተበላው። ቆቡን አወለቀ። «በቁሙ ድስቱን አወጣችሁበት እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወንበር ለቀቁለት፣ ሾርባ ቀዱለት፣ ጠብመንጃውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ እፍ እያለ መጠጣት ጀመረ።

አቶ ገብረሕይወት በሩ ላይ የቆሙት በዚያ ሰዓት ነው። ወሬው ኬክ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጽጌ መሳቢያዋን ሳትዘጋ ወጥታለች፣ እሳቸውም ሱቃቸውን ዘግተው ተከትለዋታል። ጽጌ ከኋላቸው ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች። እኔ ደግሞ ግንባሬ በጠበል ርሶ፣ ሴቶች ከበውኝ፣ «ወይኔ» እያልኩ ነው። አፌን ዘጋሁት። በሕይወቴ ያን ያህል የታመምኩበት ጊዜ የለም።

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊቴን መረመሩ። እጄን ያዙ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ እያለ በጋቢው ላይ ወረደና እግርጌው ላይ ቆመ። እኔም ወደዚያው አየሁ። ከጋቢው ጫፍ የግራ እግሬ ጫማ ወጥቷል፤ ክሩ እንደ ታሰረ፣ የአትክልት ተራ ጭቃ እንደ ነካው።

አቶ ገብረሕይወት ጫማውን አዩ። ዞር ብለው በቀለን አዩ፤ የጠብመንጃውን አፈሙዝ አዩ። የተጨናነቀውን ሰው በሙሉ አንድ በአንድ፣ ያቺን ፊቷ የነጣውን ጎረቤቴንም አዩ።  ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ብርድ እንዳይመታኝ እንደሚያስብ ሰው፣ ጋቢውን ሳቡና ጫማዬን ሸፈኑት።

«በጣም ታሟል» አሉ ለበቀለ።

በቀለ ሳህኑን ጨረሰ፣ ተነሣ። «ጥየቃ ከሆነ ምንም አይደለም። ግን አታብዙበት፣ ይረፍበት» ብሎ፣ «እግዜር ይማርህ» አለኝና ሄደ። ደርግ እግዜርን አያውቅም ይባል ነበር፤ በቀለ ግን የሰፈር ልጅ ነው።

የጫማው ኮቴ ከግቢው እስኪወጣ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ያቺ ጎረቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ እትዬ በላይነሽም ደገፏት። አቶ ገብረሕይወት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሾርባ እንዲቀዳላቸው ጠየቁና ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ።

«ነገ ወደ እኔ ልትመጡ ነበር አሉ?»

«አስበን ነበር» አሉ ጋሽ ታደሰ ከግድግዳው ሳይዞሩ። «እንግዲህ ልጁ እንዲህ ከሆነ…»

«ኑ» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «አንዲት ልጄን ለመበለትነት አላሳደግኩም ብያለሁ፤ አሁንም ያው ነኝ። ግን ለሰው ብሎ መታመም የቻለ፣ ለእሷ ብሎ ደኅና መሆን አያቅተውም።»

በሩ ላይ የቆመችው ጽጌ እያለቀሰች ሳለ ሳቅ መጣባት፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አስኬደችው።  አቶ ገብረሕይወት ሾርባውን አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ወርቅ እንደሚመዝን ሰው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እስከዚያን ቀን ለማንም ብለውት የማያውቁትን፣ በትግርኛ «ልጄ» ማለት የሆነውን ቃል፣ ለእኔ አሉት።

«ወደይ፣ ጫማህን አውልቅ። ሾርባውም ጨው የለውም።»

እውነታቸውን ነው። ጤና አዳም፣ በርበሬና ቅቤ ያዋጣ ያ ሁሉ ሰው፣ ቡልጋሪያ ድረስ ሄዶ የተማረው ጓድ መኮንንም ጭምር፣ ጨውን ረስቶት ነበር። ጨው ተጨምሮበት ድስቱ እስኪገለበጥ ተጠጣ፤ በማግስቱ ማንም ሆዱን አላመመውም፣ ጋሽ ታደሰም ሳይዋሹ ተመለሱ።

ጽጌ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ ሾርባ ትሠራልኛለች፤ ቆስጣውን መጨረሻ፣ ጨውን መጀመሪያ፣ በሩን ደግሞ ከሁሉ በፊት ትዘጋዋለች። ጉንጬ እስከ ዛሬ አልበቀለም። እሷም መበለት አልሆነችም።